ጥሩ ነው ጋሼ

ሸዋሮቢት
መስከረም 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

ውድ ሰዲቅ፣

ተናድጃለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልህ ደብዳቤውን እያነበብክ «ጋሼ ተቆጥተው ይሆን?» እያልክ እንዳትጨነቅ ነው። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። «ውድ» ያልኩህም ለወግ አይደለም። ውድ ባትሆን ኖሮ ስልክ ለማያነሳ ሰው ይህን ሁሉ ወረቀት አልጨርስም ነበር። አሥራ አራት ጊዜ ደውያለሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ስለዚህ እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ምንም ሳልዘል እጽፍልሃለሁ። አንተም ሳትዘል አንብብ።

ሰኔ ላይ ስድስቱን አሮጌ ኮምፒውተሮች በአይሱዙ አስጭነህ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከንባብ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ቀበሌው የሰጠን በቃል አይደለም፣ በፊርማ ነው። «እስከ ጳጉሜን 5 ኮምፒውተር ሲሠራባት ካየን የእናንተ ናት፤ ካላየን ለማዳበሪያ መጋዘን እንፈልጋታለን» ይላል ወረቀቱ። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። አንተ ይህን ታውቅ ነበር። አጠገቤ ቆመህ እስክሪብቶውን ያቀበልከኝ አንተ ነህ።

ያን ቀን ያልከኝን አልረሳሁም። «ጋሼ፣ ሊኑክስ የሚባለውን የማሽን ማስኬጃ እንጭንባቸዋለን። ግን ተሠርቶ ያለቀውን አይደለም፣ ከምንጩ የሚገነባውን ነው።»

«ከምንጩ ማለት?»

«ገበያ ወርደው ዱቄት ሲገዙ የማን እህል እንደሆነ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አያውቁም አይደል? ይኼኛው ማሽላውን ራሱን ነው የሚሰጥዎት። አበጥረው፣ አስጥተው፣ እዚሁ ያስፈጩታል። ይዘገያል። ለእነዚህ አሮጌ ማሽኖች ልክ ሆኖ የሚወጣው ግን እሱ ነው።»

ወደድኩት። ለምን እንደወደድኩት ታውቃለህ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «መልሱን አይደለም፣ አሠራሩን አሳየኝ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሠራሩን የማይደብቅ ማሽን አለ ስትለኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። አንድ መቶ አሥራ ስምንት ጥቅሎች ነበሩ። እያንዳንዱ ጥቅል ሰው የጻፈው የፕሮግራም ጽሑፍ ነው፤ ማሽኑ አንብቦ፣ አመሳክሮ፣ ወደ ራሱ ቋንቋ ይለውጠዋል። አንዱ በሌላው ላይ ይቆማል። ሥር ያለው ከወደቀ በላዩ ያለው አይነሳም። ስድስቱም ማሽኖች አንድ ዓይነት ስለሆኑ በመጀመሪያው ላይ ገንብተን ስንጨርስ ወደ አምስቱ እንቀዳዋለን አልክ። አርባ ሦስቱን አብረን ገነባን። እኔ በጥቁሩ መዝገብ ላይ ቁጥር እየሰጠሁ፣ አንተ እየሣቅህ።

«ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ መጻፍ አያስፈልግም እኮ፤ ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል።»

«ማሽኑ ለራሱ ይመዝግብ። እኔ ለእኔ እመዘግባለሁ።»

የመዝገቡን ሕግም ነገርኩህ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምታውቀው ሕግ ነው። የተሳሳተ ነገር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አይደለዝም። ስህተቱ መታየት አለበት። ስርዝ ይፈቀዳል፣ ድልዝ አይፈቀድም።

ሐምሌ 8 ቀን ሥራ ጠራህና ሄድክ። ስትሄድ ሁለት ነገር ተውክልኝ። አንዱ ተስፋ ነው። የማሽኖቹ ሰዓት የሚይዝባት ሳንቲም የምታህል ባትሪ በስድስቱም ሞታለች፤ ከአዲስ አበባ ገዝቼ እልካለሁ አልክ። ሁለተኛው በመዝገቡ ላይ በእጅህ የጻፍከው አንድ መስመር ነው። «መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ቀንና ሰዓት ይጠይቃል። በትክክል ይሞላ።»

በትክክል! ሰዲቅ፣ አሃድ የሌለው መልስ በእኔ ክፍል ስንት ነበር የሚያገኘው? ዜሮ። አምስት ብለህ ብትጽፍልኝ፣ አምስት ምን? ሜትር ነው ኪሎ? እልህ ነበር። አንተ ግን «በትክክል» ብለህ ሄድክ። በማን ትክክል?

መብራት በፈረቃ ነበር፣ ታስታውሳለህ። አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። መብራት በመጣበት ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ንባብ ቤቱን የምትጠብቀው ኢየሩሳሌም ትከፍትልኛለች፣ እኔም ማሽኑ ፊት እቀመጣለሁ። ቀን ይጠይቀኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አያለሁ፤ ሐምሌ 12፣ 2001። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አንድ ብዬ እሞላለሁ። ሰዓት ይጠይቀኛል። የእጅ ሰዓቴን አያለሁ፤ ሦስት ከአምስት። ሦስት ከአምስት ብዬ እሞላለሁ። ከዚያ ያንተን ትእዛዝ ቃል በቃል ጽፌ እለቀዋለሁ።

አንዳንዱ ጥቅል አለፈ። አንዳንዱ ወደቀ። ይኸው ነው ያበሳጨኝ። ሁሉም ቢወድቅ አንድ ነገር ተሰብሯል እላለሁ። ሁሉም ቢያልፍ እሰየው። ግን አንዱ ሰዓት ተኩል ሠርቶ በሰላም ያልቃል፣ ቀጥሎ ያለው ገና ሲጀምር ይሞታል። ሰንጠረዥ አወጣሁ። በመጠን አሰለፍኳቸው፤ ትልቅም ትንሽም ይወድቃል። በሲዲ ቁጥር አሰለፍኳቸው፤ ካመጣሃቸው ሃያ ሁለት ሲዲዎች ከሁሉም የሚያልፍ አለ፣ ከሁሉም የሚወድቅ አለ። በሙቀት ይሆናል ብዬ የቆላውን ፀሐይ ፈርቼ መስኮቱን በጆንያ ሸፈንኩ። በጠዋትም በቀትርም ሞከርኩ። በሐምሌ መጨረሻ ከቀሩት ሰባ አምስት ጥቅሎች ሠላሳ አንዱ አልፈዋል፣ አሥራ ዘጠኙ ወድቀዋል፣ ሃያ አምስቱ ደግሞ የወደቁትን ቆመው ይጠብቃሉ።

የሚወድቁት ሲወድቁ አንድ ቃል ይጽፋሉ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መለስኩት፤ «አሁን የተፈጠረው ፋይል ከሲዲው ከመጣው ፋይል ያረጀ ሆኖ ተገኘ። ሰዓትህን ፈትሽ።»

ሰዓትህን ፈትሽ አለኝ። ፈተሽኩ! የእጅ ሰዓቴን ከሬዲዮው የስድስት ሰዓት ዜና ጋር አስተያየሁ፤ ሰከንድ አልሳተም። ማሽኑን ከእጅ ሰዓቴ ጋር አስተያየሁ፤ ልክ ነው። ቀኑን ከግድግዳው ጋር አስተያየሁ፤ ልክ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ፈትሻለሁ፤ አሥራ አንዱም በፊርማዬ መዝገቡ ላይ አለ፤ «ሰዓት ተፈትሿል፣ ትክክል ነው፣ ደ.»። ኢየሩሳሌም እንኳ መጽሐፍ ስትደረድር ቆይታ፣ «ጋሼ፣ እሱ ሰዓትህን ፈትሽ ይላል፣ እርስዎ ፈትሻለሁ ይላሉ። አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» አለችኝ። እኔ እንዳልዋሸሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ማሽኑ ነው የሚዋሸው። ማሽን ደግሞ በራሱ አይዋሽም፤ የሚያስዋሸው ሰው አለ። ሰው ማለት አንተ ነህ።

አሁን ወደምናደድበት ቦታ ደረስኩ።

ነሐሴ 10 ለእህትህ ለነኢማ ኒካህ መጣህ። ከሠርጉ ግርግር ሹልክ ብለህ ንባብ ቤት ገባህ። ደስ ብሎኝ ማሽኑን እንዴት እንደማስነሳ ላሳይህ ተነሳሁ። ቀን ሲጠይቅ አሥራ ሁለት፣ አሥር፣ ሁለት ሺህ አንድ ብዬ ሞላሁና ምን እንዳልኩ ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ። «እዚህ ሸዋሮቢት የተቀመጠ ማሽን የሸዋሮቢትን ቀን ይያዝ። የፈረንጁን ቀን አላስገባበትም» ብዬ በኩራት ዞር አልኩ። አንተ ስክሪኑን አየህ። እኔን አየህ። አፍህን ከፈትክ። ከዚያ ዘጋኸውና፣

«ጥሩ ነው ጋሼ» አልክ።

ጥሩ ነው ጋሼ!

በዚያች ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ገብቶህ ነበር። አሥራ ዘጠኙ ጥቅሎች ለምን እንደሚወድቁ፣ ማሽኑ ለምን ሰዓትህን ፈትሽ እንደሚለኝ፣ እኔ አንድ ወር ሙሉ ለምን እንደደከምኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ያልቅ ነበር። አንተ ግን እኔ ለምሳ እስክወጣ ጠበቅህ፣ ማሽኑን አጥፍተህ አስነሳህ፣ ቀኑን ራስህ ሞላህ፣ ሥራውን ለቀቅከው። ስመለስ ጥቅሎቹ እንደ ጉድ ያልፋሉ። «ምን አድርገህ ነው?» ስልህ «ምንም፣ ትንሽ ነገር ነው ጋሼ» አልክ። ያን ቀንና በማግስቱ መብራት አልጠፋም፤ ሰባት ጥቅሎች አለፉ። አንተ ሄድክ። ነሐሴ 12 መብራቱ ሄደ፣ ነሐሴ 13 መጣ፣ እኔ ቀኑን ሞላሁ። ሁሉም ነገር እንደገና ወደቀ። አንተ ጀምረህ የተውከው እንኳ ከመሃሉ ተበላሸ።

እስቲ አንተ እኔን ብትሆን ምን ታስብ ነበር? ሰውየው ሲመጣ ይሠራል፣ ሲሄድ ይቆማል። ያለ እሱ እንዳንቆም ቋጥሮብናል ብዬ አሰብኩ። ማሰቤ አይደለም ጥፋቱ። መናገሬ ነው።

ነሐሴ 23 በገበያ ቀን አባትህን ሙሄን የማሾ ጆንያው አጠገብ አገኘሁት። ረመዳን ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረስኩትም።

«ሙሄ፣ ልጅህ አታሎናል።»

«ማን? የኔ ሰዲቅ?»

«ሲመጣ ይሠራል፣ ሲሄድ ይቆማል። እንዲህ ያለ ነገር በራሱ አይሆንም። ባትሪ እልካለሁ አለ፣ አልላከም። ክፍሉን ልንነጠቅ ነው።»

«መምህር፣ ልጄ እንዲህ ያለ ሥራ አያውቅም። ወላሂ፣ ከእኔ ይበልጥ እርስዎን ነው የሚፈራው።»

«መፍራት ለአታላይም ይመቻል» አልኩት። ማሾ የሚሰፍሩት፣ ሽንኩርት የሚያወርዱት፣ አህያ የሚያስሩት ሁሉ ዞረው አዩን። አባትህ የጆንያውን አፍ አሰረና ዓይኑን ወደ አህያው አዞረ። በዚያው ደወልኩልህ፤ ለአባትህ ያልኩትን ለአንተ ደገምኩት፣ ጨመርኩበትም። በመጨረሻ «እሺ ጋሼ» አልክና ዘጋህ። ከዚያ ወዲህ ስልክህ አይነሳም።

ጳጉሜን 1 እሑድ ነበር፣ አልሄድኩም። ጳጉሜን 2 ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። የቀረኝ ሦስት ቀን ነው። ቀን ጠየቀኝ። ወር፣ አሥራ ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

እምቢ አለ።

እንደገና አሥራ ሦስት አልኩ። እንደገና እምቢ። ጣቴ ስቶ ይሆናል ብዬ መነጽሬን ጠርጌ አንድ፣ ከዚያ ሦስት ብዬ ለየብቻ ተጫንኩ። ማሽኑ ሦስቱን አልቀበልም አለ። ኢየሩሳሌም ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

«ጋሼ፣ ጳጉሜን አያውቅም እኮ።»

«ዝም በይ እስቲ።»

«ደመወዝ የሌለው ወር ስለሆነ ይሆናል። መንግሥትም አያውቀውም።» ሣቀች። እኔ አልሣቅኩም። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ፊቷን አየሁ፣ ስክሪኑን አየሁ፣ ግድግዳውን አየሁ። አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ማሽን አሥራ አንደኛውንስ መቼ አወቀው? ሐምሌን ኖቬምበር ብሎ ነበር የተቀበለኝ። ሁለት ሺህ አንድን ስሞላለት ስምንት ዓመት ሊሞላው ወዳለፈው የራሱ ሁለት ሺህ አንድ ተመልሶ ነበር። ከሲዲው የሚወጡት ፋይሎች ደግሞ በ2004፣ በ2006፣ በ2008 የተጻፉ ናቸው። ማሽኑ አይቷቸው «እነዚህ ገና አልተወለዱም» ይላል። ልክ ነው። በሰጠሁት ቀን ገና አልተወለዱም።

ሰንጠረዤን አወጣሁ። በሐምሌ በተሞከሩት ሃምሳ ጥቅሎች አጠገብ የተጻፉበትን ዓመት አንድ በአንድ ሞላሁ፤ ሁሉን ነገር መዝግቤ ያልመዘገብኩት እሱን ብቻ ነበር። ያለፉት ሠላሳ አንዱ ሁሉም ማሽኑ ካመነው ቀን በፊት የተጻፉ ናቸው። የወደቁት አሥራ ዘጠኙ ሁሉም ከዚያ በኋላ። አንድ እንኳ ያፈነገጠ የለም። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር እንዲህ የጠራ ሰንጠረዥ አልሠራሁም። የራሴን ውድቀት ነው የሠራሁት።

ሴፕቴምበር 7፣ 2009 ብዬ ሞላሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓትን ዘጠኝ አልኩት። ዘጠኝ ጊዜ የወደቀውን፣ የአማርኛ ፊደል በስክሪን ላይ የሚያወጣውን ጥቅል ለቀቅኩት። አለፈ። ኢየሩሳሌም አጨበጨበች። እኔ ተነስቼ መዝገቡን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ፤ የነሐሴ 10ን ገጽ ስፈልግ ከግርጌው አንድ የሻከረ ቦታ እጄ ስላገኘ ነው። ጆንያውን ገለጥኩና ገጹን በብርሃን አየሁት። በእርሳስ የተጻፈ፣ በላጲስ የጠፋ። ያንተ እጅ ነው።

«ጋሼ፣ ቀኑ በፈረንጆች ነው መሞላት ያለ—»

አልጨረስከውም። ጀምረህ ደለዝከው። በእኔ መዝገብ ላይ ደለዝክ!

በማግስቱ በባጃጅ እስከሚያደርሰኝ ሄድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ አባትህ ቤት ወረድኩ። ማሽላው ሰው ይውጣል። አባትህ ከግራሩ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ተቀምጧል።

«ሙሄ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ዛሬ እርስዎ ሆንኩ? ያመዎታል እንዴ መምህር?»

«አላመመኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅዎ አላታለለንም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ያለኝን እስክሞት አልረሳውም። «ስድቡ ገበያ ላይ ነበር። ይቅርታው ለምን እቤቴ ድረስ ተደብቆ መጣ?»

ወደ ቤት ገብቶ አንድ የክብሪት ሳጥን ይዞ ወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «እኔም አጥፍቻለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ይህን የሚኒባስ ሹፌር ያመጣልኝ ያው የተሳደቡ ዕለት ከሰዓት ነው። በጾሜ ተናድጄ ሸሸግኩት።»

ከፈትኩት። ስድስት ባትሪዎች። ከላያቸው ደግሞ የታጠፈች ወረቀት፣ ያንተ ጽሑፍ፤ «ጋሼ፣ ባትሪዎቹን ያስገቡ። ቀኑን ግን እኔ መጥቼ እሞላዋለሁ፣ እርስዎ አይድከሙ።»

እርስዎ አይድከሙ! እዚያው ግራሩ ሥር ወረቀቷን ልቀዳድዳት ምንም አልቀረኝም። አዲስ አበባ ተቀምጠህ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ፣ ፊቴን ሳታይ እንኳ መናገር አቃተህ። ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ተጉዘህ መጥተህ በስውር ብትሞላው ይሻልሃል፤ «ተሳስተዋል» ከምትለኝ።

«ለምን አልነገረኝም?» ብዬ አባትህን ጠየቅኩት። ጠየቅኩ አይደለም፣ ጮህኩበት።

«አንድ ጊዜ ነግሮዎት ነበር አሉ» አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በእግሬ ወደ አስፋልቱ ስመለስ ነው የትኛውን ጊዜ እንዳለ የገባኝ። 1991፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ። ሰሌዳው ሞልቷል። ከሦስተኛው ረድፍ እጅህን አወጣህ። «ጋሼ፣ የስበቱ ምልክት ኔጌቲቭ መሆን የለበትም?» እኔም ጠመኔውን ዘረጋሁልህና «ና፣ ቦታውን ልልቀቅልህ» አልኩ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ከዚያ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙሬ እስከ ደወሉ አቆምኩህ።

ልክ ነበርክ። ማታውኑ ቤቴ ደብተሬን ሳይ አወቅኩት። በማግስቱ ምን አደረግኩ መሰለህ? ከተማሪዎቹ ቀድሜ ገባሁ፤ የክፍል ተረኛው ሰሌዳውን ሳይጠርገው ቀርቶ ነበር። በጣቴ ጠርጌ ምልክቱን አስተካከልኩና ደወሉ ሲደወል ምንም እንዳልተፈጠረ ትምህርቴን ቀጠልኩ። አርባ ሁለት ተማሪ ምንም አላለም። አንተ ግን አየህ። ስትገባ ሰሌዳውን አየህና አጎነበስክ። ስርዝ ይፈቀዳል፣ ድልዝ አይፈቀድም ስላችሁ የኖርኩት ሰውዬ ደለዝኩ። ያን ጠዋት ያስተማርኩህን ትምህርት ነው አሥር ዓመት ጠብቀህ በራሴ መዝገብ ላይ የመለስክልኝ።

እንግዲህ የምናደደው በማን እንደሆነ ታየዋለህ። በራሴ ነው የሚበዛው። ግን በአንተ ላይ ያለኝን አልቀንስልህም። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርክ፣ አሁን ሃያ አምስት ሆነሃል። ያኔ ግድግዳ ነበረኝ፣ አሁን ምን አለኝ? ምርኩዝ ብቻ። ምኑን ነው የፈራኸው? አክብሮት ነው ካልከኝ፣ አክብሮትህ አንድ ወር ከግማሽ ጊዜዬን በልቷል፣ አባትህን በገበያ አዋርዷል፣ ክፍሉን ሊያስነጥቀን ነበር። እንዲህ ያለ አክብሮት ለማንም አልመኝም።

ጳጉሜን 4 በዘመን መለወጫው ገበያ፣ ማሾ ከሚሰፈርበት ቦታ ቆሜ፣ ነሐሴ 23 የሰሙኝ እስኪሰበሰቡ ጠብቄ ያልኩትን አነሳሁ። «ሰዲቅ አላታለለም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ «ምን አጠፉ?» አለች። «ቀን አሳሳትኩ» አልኳት። «በዚህ ነው ይሄ ሁሉ?» ብላ ሣቀችብኝ። አባትህ አልሣቀም። የማሾ መስፈሪያውን አስቀምጦ እጄን ያዘ።

ጳጉሜን 5 የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ፍፁም ከኮሚቴው ጋር መጣ። አንዱ ማሽን በርቷል። ኢየሩሳሌም ተቀምጣ በአማርኛ «ሸዋሮቢት» ብላ ጻፈች፤ ፊደሉ ወጣ።

«ይኼ አንድ ነው። አምስቱስ?» አለ አቶ ፍፁም።

«ከአንዱ ይቀዳሉ። አንዱ ገና አላለቀም።»

«ሁለት ወር ምን ስትሠሩ ነበር? መብራቱ ነው አይደል?»

ቀላሉን መልስ ራሱ አቀበለኝ። ኮሚቴው በሙሉ ለመብራቱ ራሱን ሊነቀንቅ ተዘጋጅቷል። «መብራቱ አይደለም» አልኩ። «የማሽኑን ቀን በየጠዋቱ አሳስቼ ስሞላ የነበርኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ ይኸውና።»

አቶ ፍፁምም ተማሪዬ ነበር፣ ታውቃለህ። መዝገቡን ተቀብሎ አሥራ አንዱን «ትክክል ነው፣ ደ.» አየ። ሊሥቅ ፈለገ፣ አልሣቀም። «እስከ መስቀል» ብሎ መለሰልኝ። «ከመስቀል በኋላ ግን ማዳበሪያው ይገባል፣ መምህር።»

ባትሪዎቹን አስገብቻለሁ። ሰዓቱ አሁን ይይዛል። ከመቶ አሥራ ስምንቱ አንድ መቶ አሥራ አራቱ አልፈዋል። አራቱ ግን አሁንም ይወድቃሉ፤ እነሱ ካላለፉ ወደ አምስቱ መቅዳት የለም። የአራቱ ጥፋት ሰዓት አይደለም። የሚጽፉትን ቃል ቀድቼ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። የት ጋ እንደተሳሳትኩ አላውቅም። አይታየኝም። ዓይኔ አሥራ አንድ ጊዜ «ትክክል ነው» ያለ ዓይን ነው፤ ከእንግዲህ በእሱ ብቻ አልተማመንም።

መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ና። ግን አንድ ሁኔታ አለኝ። እኔ ለምሳ ስወጣ ጠብቀህ እንድታስተካክለው አልፈልግም። ማሽኑ ፊት ከጎኔ ተቀመጥ፤ ኢየሩሳሌም ትስማ፣ አቶ ፍፁምም ካለ ይስማ፤ ጣትህን ስክሪኑ ላይ አድርገህ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል» በለኝ። ይህን የማትል ከሆነ አትምጣ። የሚያከብረኝ ሰው ሸዋሮቢት ሞልቷል።

በ1991 ላደረግኩብህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ክፍሉ ፊት የሆነ ነገር ስለሆነ በደብዳቤ ብቻ አይበቃም፤ አባትህ አስተምሮኛል። ስትመጣ በሰው ፊት እደግመዋለሁ።

ከፖስታው ውስጥ አንድ ቀይ እስክሪብቶ ታገኛለህ። ከሥራ ስወጣ ይዤው የቀረሁት የመጨረሻው ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሆን ብዬ የተውኩት ስህተት የለም፤ ሳላየው ያለፈኝ ግን አይጠፋም። በእሱ አርመህ ይዘኸው ና። ላጲስ አትንካ። «ጥሩ ነው ጋሼ» ብለህ ደግሞ እንዳትጽፍልኝ።

ደሳለኝ፣ ሠላሳ አራት ዓመት መምህር የነበረ

መስከረም 3 ቀን 2002፤ በማሽኑ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 13፣ 2009። ይህንንም ፈትሸው።